የሰርኪት ቦርድ ስቴንስል በትንሽ ሌዘር መቁረጫ፦ ቀዳዳዎቹ ለምን ይሰፋሉ?

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ጤና ይስጥልኝ። ለሶላር ባትሪ መሙያ የሚሆን መቆጣጠሪያ ቦርድ ነድፌ ባዶዎቹ ቦርዶች ከሼንዘን ደርሰውልኛል። የብረት ስቴንስሉን፣ ማለትም የብየዳ ፔስቱ (የብየዳ ሊጡ) በሚፈለግበት ቦታ ብቻ እንዲያርፍ ቦርዱ ላይ የሚነጠፈውን ባለ ቀዳዳ ስስ ሉክ፣ አብሬ አላዘዝኩትም። ስቴንስሉ ራሱ ውድ ሆኖ ሳይሆን፣ ክብደቱ የማጓጓዣውን ሒሳብ ከቦርዶቹ ዋጋ በላይ ስላደረሰው ነው። እዚህ አንድ የማስታወቂያ ሥራ ቤት 40 ዋት የሚባለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር አለው። ቀን ቀን አክሪሊክና እንጨት ይቆርጡበታል፤ ማታ ለእኔ ይተዉልኛል።

የተጠቀምኩት 0.1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን የኦቨርሄድ ፕሮጀክተር ፕላስቲክ ነው። የፔስቱን ንብርብር ቦርዱን ከነደፍኩበት ሶፍትዌር ከኪካድ በኤስቪጂ የሥዕል ፋይል አውጥቼ እንዳለ ቆረጥኩት። 0805 የሚባለው መጠን ያላቸው ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች ቀዳዳ ያስደስታል። ባለ 32 እግሩ ኤትሜጋ328 ቺፕ ላይ፣ እግሮቹ ከመሀል እስከ መሀል 0.8 ሚሊሜትር በሚራራቁበት፣ በቀዳዳዎቹ መካከል የቀረው ግድግዳ እጅግ ቀጥኗል። ርቀቱ 0.5 የሆነበት የዩኤስቢ ሲ ሶኬት ጋ ደግሞ ግድግዳው ጨርሶ ቀልጦ ቀዳዳዎቹ አንድ ረጅም ስንጥቅ ሆነዋል።

ከዚህም ሌላ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ዙሪያ የደነደነ ጠርዝ ተነሥቷል፤ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። በዚህ ምክንያት ፕላስቲኩ ቦርዱ ላይ ልጥፍ ብሎ አይተኛም። ኃይሉን ስቀንስ አይበሳም፤ ስጨምር ይቀልጣል። የሠራችሁት ካላችሁ የቱን ማስተካከል እንዳለብኝ ንገሩኝ።

ወረንጦ (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ ማሽኑ የታዘዘውን ነው የሠራው። ኤስቪጂው ላይ ያለው መስመር ውፍረት የለውም፤ ጨረሩ ግን አለው። ጨረሩ መስመሩን መሀል ለመሀል ይዞ ሲሄድ የስፋቱ ግማሽ ወደ ውጭ ይበላል። በዚህ ዓይነት ማሽን ቀጭን ፕላስቲክ ሲቆረጥ የሚበላው ስፋት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊሜትር ነው። 0.15 ብለን እንያዝ። 0.3 እንዲሆን የተሣለው ቀዳዳ 0.45 ሆኖ ይወጣል። ዩኤስቢ ሲ ላይ 0.3 ስፋት ያለውን ፓድ (እግሩ የሚበየድበትን የመዳብ ቦታ) ከጎረቤቱ የሚለየው 0.2 ብቻ ነው። ከዚያ ላይ 0.15 ሲቀነስ የሚተርፈው 0.05 ነው፤ እሱን ደግሞ ሙቀቱ ይጨርሰዋል።

ስለዚህ ፋይሉን አጥብበው። ኪካድ ውስጥ በቦርዱ ማስተካከያ ላይ የፔስቱን ክፍተት የምትወስንበት ቦታ አለ። እዚያ አሉታዊ ቁጥር፣ ለምሳሌ -0.075 ብትጽፍ እያንዳንዱ ቀዳዳ በሁሉም ጎን በዚያው ልክ ይሰበሰባል። ስትጨርስ ወደ ዜሮ መልሰው፤ አለበለዚያ ሌላ ጊዜ የብረት ስቴንስል ስታዝዝ የጠበበው ፋይል ይሄድብሃል። ላይትበርን የሚባለው የሌዘር ማዘዣ ሶፍትዌር ካላችሁ ደግሞ የጨረሩን ስፋት የሚያካክስ ማስተካከያ በውስጡ አለ፤ ኪካዱን ሳትነካ እዚያው መጨረስ ትችላለህ።

ቁጥሩን ግን ከእኔ አትውሰድ፤ ከማሽኑ ውሰድ። በዚያው ፕላስቲክ ላይ፣ በዚያው ፍጥነትና ኃይል፣ ጥንድ ጥንድ ቀጥ ያሉ መስመሮች ቁረጥ። አንዱ ጥንድ 0.5 ተራርቆ፣ ቀጥሎ 0.4፣ 0.3፣ 0.25፣ 0.2፣ 0.15። በመሀላቸው ያለው ግድግዳ መትረፍ ያቃተበት ርቀት የጨረርህ ስፋት ነው። በአግድምም በቁልቁልም ቁረጥ፤ ቀበቶው ከላላ ሁለቱ አይመሳሰሉም።

አባ ብየዳ (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ ወረንጦ ያለው ትክክል ነው፤ ለቀጫጭኖቹ እግሮች ግን ማጥበብ ብቻውን አያዋጣም። 0.3 የሆነውን ቀዳዳ ወደ 0.15 አጥብበህ አራት ማዕዘን አድርገህ ስትቆርጥ ጨረሩ በዚያች ጠባብ ቦታ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል፤ በየማዕዘኑም ፍጥነቱን ቀንሶ ይዞራል። ማሽኑ ሲዘገይ ኃይሉ አብሮ ካልቀነሰ ማዕዘኑ ይቃጠላል። ለእነዚህ አራት ማዕዘኑን ተወው። በፓዱ መሀል አንድ ቀጥተኛ መስመር ብቻ ሣል፤ የጨረሩ ስፋት ራሱ ቀዳዳ ይሆንልሃል። መስመሩን ከፓዱ ርዝመት በጨረሩ ስፋት ልክ አሳጥረው፤ ጫፎቹም ይበላሉና።

ቀጥሎ ሙቀቱን አስብ። ሶፍትዌሩ ጎረቤታሞቹን ቀዳዳዎች ተራ በተራ ይቆርጣል፤ አንዱ ሳይቀዘቅዝ አጠገቡ ያለው ይጋላል። ያንተ ፕላስቲክ ፔት የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከ250 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል ይቀልጣል። ቅደም ተከተሉን አራርቀው፤ መጀመሪያ አንደኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አምስተኛውን፣ ከዚያ ተመልሶ ሁለተኛውን፣ አራተኛውን። ኃይሉን ከመቀነስ ይልቅ ፍጥነቱን ጨምር። የመስታወት ቱቦው ከጥቂት ሚሊአምፔር በታች ሲወርድ ይንቀጠቀጣል፤ አንዱን ቀዳዳ በስቶ አንዱን ይዘላል። በሚረጋበት ኃይል ፈጠን አድርገህ ሁለቴ ማለፍ ይሻላል።

ከሥሩ ያለውንም ተመልከት። ፕላስቲኩ የብረቱን አልጋ ከነካ ጨረሩ ተንጸባርቆ ከታች ይመልሰዋል፤ የጠርዙ ግማሽ ጣጣ ከዚያ ነው የሚመጣው። እኔ ያረጀ የፎቶ ፍሬም ላይ በፕላስተር ወጥሬ ከሥሩ ባዶ አየር እተውለታለሁ። የአየር መንፊያውን ግን ቀንሰው፤ ጠንክሮ ከነፋ ፕላስቲኩ እየተርገበገበ ከትኩረቱ ይወጣል።

ለተነሣው ጠርዝ መስታወት ላይ ዘርግተህ በአዲስ ምላጭ፣ ምላጩን ወደ መተኛት አዘንብለህ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ፋቀው። ጨረሩ በገባበት ጎን ስለሚብስ የተረፈ ካለ ያንን ጎን ወደ ላይ አድርገህ ተጠቀም።

ሰብለ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

አባ ብየዳ፣ እርስዎ ያሉት የአንድ መስመር ዘዴ ለእኔም ሠርቷል፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። 0.15 የሆነ ስንጥቅ ለፔስቱ ይጠባል። ፔስት ማለት ጥቃቅን የብረት እንክብሎች በፍላክስ (ብየዳው እንዲይዝ በሚረዳ ቅባት) ውስጥ ናቸው፤ የተለመደው መመዘኛ ደግሞ በቀዳዳው ስፋት ቢያንስ አምስት እንክብል ጎን ለጎን ይለፍ የሚል ነው። ዓይነት 3 የሚባለው ፔስት እንክብሉ እስከ 45 ማይክሮን ስለሚደርስ 0.225 ሚሊሜትር ይፈልጋል። ዓይነት 4 እስከ 38 ማይክሮን ነው፤ 0.19 ይበቃዋል። ስለዚህ ጣና ዳር፣ ለዩኤስቢ ሲው ሁለት መስመሮችን በ0.07 አራርቀህ ቁረጥ፤ በአንድ ላይ 0.22 ገደማ ይሰጡሃል። ፔስት ስትገዛም ማሰሮው ላይ ዓይነት 4 መሆኑን አይተህ ግዛ።

ሒሳብ ይውጣ (ዱባይ)

ይቅርታ አድርጉልኝና ይህን ሁሉ ድካም አልገባኝም። የብረት ስቴንስል በፋብሪካ ሌዘር ተቆርጦ፣ ጠርዙ ተወልውሎ፣ በጥቂት ዶላር ይገኛል። እኔ አዝዤ በሳምንት ውስጥ ይደርሰኛል። ምላጭ ይዞ ፕላስቲክ መፋቅ ምን የሚሉት ነው?

ወረንጦ

አንተ ያለህበት ቦታ ላይ ብሆን እኔም አልፍቅም ነበር። እዚህ ዕቃው እስኪመጣ፣ መጥቶም ከጉምሩክ እስኪወጣ ያለው ጊዜ ከዋጋው ይበልጣል። ቦርዱ ላይ አንድ ፓድ ባዛወርክ ቁጥር ደግሞ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። በፕላስቲክ ግን ማታ አስተካክለህ ጠዋት ትበይዳለህ።

ለማዘዝ ለምትፈልጉ፦ ሲታዘዝ ያለ ፍሬም የሚለውን ምረጡ፤ መጠኑንም ከቦርዱ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ አስበልጣችሁ እንዲቆርጡላችሁ በማስታወሻ ጻፉ። የክብደቱ ነገር በአብዛኛው እዚያ ይቃለላል።

ሒሳብ ይውጣ

የፍሬሙን ነገር አላወቅኩም ነበር፤ አመሰግናለሁ። ግን እግሮቹ በ0.4 ሚሊሜትር ለሚራራቁ ቺፕ ከፕላስቲክ ጋር ስትታገል እንዳላይህ።

ወረንጦ

ለ0.4 እኔም ብረት አዝዛለሁ። ለ0.65 እና ከዚያ ለሰፋው ዓይኔን ሳላሽ በፕላስቲክ እሠራለሁ። 0.5 ድንበሩ ነው፤ ማሽኑ ጥሩ ከሆነ ይሄዳል፣ ካልሆነ በእጅ ማጽዳት ይኖረዋል።

ዝምተኛው (ጎንደር)

ከሆስፒታል የተጣለ የራጅ ፊልም በብዛት አለኝ። ጠንካራ ነው፣ አይጨማደድም። ለዚህ ይሆናል?

ሰብለ

እሱም ፔት ነው፤ ይቆረጣል። ጣጣው ውፍረቱ ነው፤ አብዛኛው የራጅ ፊልም 0.175 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ፔስቱ ቀዳዳው ውስጥ ሲሞላ ሁለት ነገር ይጎትተዋል፤ ከታች ፓዱ፣ ከጎን የቀዳዳው ግድግዳ። ግድግዳው ካሸነፈ ስቴንስሉን ስታነሣው ፔስቱ አብሮ ይነሣል። በኢንዱስትሪው መመሪያ፣ በአይፒሲ 7525፣ የቀዳዳው አፍ የቆዳ ስፋት ለግድግዳዎቹ ጠቅላላ የቆዳ ስፋት ሲካፈል ከ0.66 እንዳያንስ ይመከራል። 0.25 በ1 ሚሊሜትር የሆነ ቀዳዳ በ0.1 ፕላስቲክ ላይ ልክ 1 ይመጣል፤ ያለ ችግር ይለቃል። ያው ቀዳዳ በራጅ ፊልም ላይ 0.57 ይሆናል፤ አይለቅም። 0.5 በ0.6 የሆነ የ0402 (ከ0805 ያነሰ መጠን) ፓድ ግን 0.78 ስለሚሆን ያልፋል።

ማለትም ለሬዚስተርና ለትልልቅ ቺፕ ይሆንሃል። የሚያርፈው ፔስት ግን ከ0.1ው በ75 በመቶ ይበልጣል፤ ቀዳዳዎቹን ካላጠበብካቸው ቀልጦ ከጎረቤቱ ጋር ይያያዛል።

ድሬ (ድሬዳዋ)

የእኔ ሰማያዊ ብርሃን ያለው ባለ 5 ዋት ዳዮድ ሌዘር ነው። ያንኑ የኦቨርሄድ ፕላስቲክ አስቀምጬ ብተኩስ ምልክት እንኳ አይተውበትም፤ ከሥሩ ያለውን ጣውላ ግን ያቃጥላል። ማሽኑ ተበላሽቶ ነው?

ወረንጦ

ማሽንህ ደህና ነው። የዳዮዱ ብርሃን 450 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ በዓይን የሚታይ ብርሃን ነውና ጥርት ያለው ፕላስቲክ ያሳልፈዋል። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ 10.6 ማይክሮሜትር ስለሆነ ለዓይናችን ጥርት ያለው ነገር ለእሱ ጨለማ ነው። ላንተ የሚሆንህ ካፕተን ነው፤ ያ ቢጫ ወደ ቡናማ የሚሄደው፣ ሙቀት የሚችለው ፊልም። ሰማያዊውን ብርሃን ይመጠዋል። እንደ ፔት አይቀልጥም፤ ከስሎ ነው የሚቆረጠው። ስለዚህ የተነሣ ጠርዝ የለውም፤ ጥላሸት ብቻ ነው፤ በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ይጸዳል። ሙጫ የሌለውን ሉክ ፈልግ፤ ባለ ሙጫው ጥቅል በየቀዳዳው እየተጣበቀ ያስቸግርሃል። ውፍረቱ 0.075 ወይም 0.125 የሆነውን ውሰድ።

የዝምተኛው ራጅ ፊልም ጠቆር ያለው ክፍሉም ብርሃኑን ስለሚይዝ ለዳዮድ ሊሞከር ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ የዳዮድ ነጥብ ክብ አይደለም፤ ወደ አንድ ጎን ይረዝማል። የአግድሙና የቁልቁሉ ስፋት የግድ ይለያያል፤ ማካካሻውንም ለየብቻ አስብ። መነጽሩን ደግሞ አትርሳ፤ ከማሽኑ ጋር በነጻ የሚመጣውን ሳይሆን ለ450 ናኖሜትር ተብሎ የተሠራውን።

ዝምተኛው

የለስላሳ ጣሳስ? አልሙኒየሙ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በሌዘር አይቆረጥም?

አባ ብየዳ

አንተ ደግሞ ከሆስፒታሉ ወደ ካፌው ተሻገርክ! በቀጥታ አይቆረጥም፤ ብረቱ ጨረሩን ይመልሰዋል። ቀለሙ ግን ይቃጠላል። ጣሳውን ቀድደህ፣ አቃንተህ፣ የውስጡን ጎን በፕላስተር ሸፍነህ፣ በውጩ ያለውን ቀለም በሌዘር ቀዳዳው በሚሆንበት ቦታ ብቻ ታነሣለህ። ከዚያ የመዳብ ቦርድ የምናጥብበት ፈሪክ ክሎራይድ ውስጥ ሲገባ የተገለጠው አልሙኒየም ብቻ ይበላል። በጣም ስለሚፋጅና ጋዝ ስለሚያወጣ በቀጭኑ በጥብጠህ ደጅ ላይ ሥራው። የሚገኘው እውነተኛ የብረት ስቴንስል ነው። አሲዱ ከቀለሙ ሥር ወደ ጎን ስለሚገባ ግን ቀዳዳው ሰፍቶ ይወጣል፤ ለ0.5 አይሆንም።

ፕላስቲክ የምትፈልጉ ሁሉ ደግሞ ይህን ስሙ። የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ሄዳችሁ የጥራዝ መሸፈኛውን ጥርት ያለ ፕላስቲክ እንዳትገዙ፤ ብዙው ፒቪሲ ነው። ፒቪሲ ሲቃጠል የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ይወጣዋል። ሳንባ ይጎዳል፣ ከእርጥበት ጋር አሲድ ሆኖ የማሽኑን መስታወትና የብረት ሐዲድ ያዝጋል። የሰው ማሽን ላይ ደግሞ ይህን ማድረግ ወዳጅነት ማፍረስ ነው። ለመለየት የኤሌክትሪክ ሽቦ መዳቡን ገልጣችሁ እሳት ላይ አጋሉት፤ የቀላውን ሽቦ ፕላስቲኩ ላይ አሳርፋችሁ ጥቂት ሲጣበቅበት መልሳችሁ ነበልባሉ ውስጥ አስገቡት። ነበልባሉ ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበት፤ ጣሉት። መስኮት ከፍታችሁ።

ድሬ

እንግዲህ ካፕተኑን አስመጣለሁ። ሌላ ጥያቄ፦ ፔስቱን የሚያቀልጠው ሪፍሎው ምድጃ የለኝም። ፔስቱን ካሳረፍኩ በኋላ በእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ባቀልጠው?

ሰብለ

ሙቀቱ ይደርሳል፤ እንጀራ የሚጋገረው 200 ዲግሪ አካባቢ ነው። በ138 ዲግሪ ለሚቀልጠው የቆርቆሮና የቢስሙት ፔስት ከበቂ በላይ ነው። በ183 ለሚቀልጠው ባለ እርሳሱም ያስኬዳል። ከ217 ለሚጀምረው እርሳስ አልባ ግን ይቸገራል፤ እሱ ከ235 በላይ መድረስ ይፈልጋል። ሸክላው ወፍራም ስለሆነ ብታጠፋውም ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ ፔስቱ ሲያንጸባርቅ ጥቂት ሰኮንዶች ጠብቀህ ቦርዱን በቀስታ አንሸራትተህ ማውጣት አለብህ። መሀሉና ዳሩም እኩል አይሞቁም፤ የሙቀት መለኪያ ሽቦ አስነክተህ እኩል የሚሞቀውን ቦታ ፈልግ።

አባ ብየዳ

እርሳስና ፍላክስ የነካው ምጣድ ላይ ዳግመኛ እንጀራ አይጋገርም። ለብየዳ የተለየ፣ የተሰነጠቀ ምጣድ ግዛ፤ የቤቱን ምጣድ ከነካህ ከእኛ ጋር ሳይሆን ከእናትህ ጋር ነው ጉዳይህ።

ጣና ዳር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ውጤቱን ልንገራችሁ። ጥንድ መስመሮቹን ስቆርጥ በአግድም 0.14፣ በቁልቁል 0.19 መጣ። የማሽኑ ባለቤት ቀበቶውን ወጠረው፤ ሁለቱም ወደ 0.14 ተቀራረቡ። እሱም ደስ ብሎታል፤ የአክሪሊክ ፊደሎቹ ለምን ሞላላ እንደሚሆኑበት ሲያማርር ነበር።

ኤትሜጋውንና ትልልቆቹን በጠበበ አራት ማዕዘን፣ ዩኤስቢ ሲውን በሁለት መስመር ቆረጥኩ። ፍሬም ላይ ወጥሬ፣ ቅደም ተከተሉን አራርቄ። አሁን በኤትሜጋው እግሮች መካከል ያለው ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ማዕዘኖቹ ክብ ቢሆኑም ሁሉም ክፍት ናቸው። ዩኤስቢ ሲው ላይ ግድግዳው ተርፏል፤ አንድ ቦታ ብቻ ወላግዷል።

ቦርዱን 1.6 ሚሊሜትር በሆኑ ትርፍ ቦርዶች በሦስት በኩል አጥሬ፣ ስቴንስሉን በአንድ ጎን ብቻ በፕላስተር አስሬ እንደ መጽሐፍ ገጽ እንዲገለጥ አደረግኩት። ፔስቱን ባረጀ የባንክ ካርድ ገፋሁ። ካርዱን አቁሜ ስገፋው ፔስቱ ተንከባሎ ቀዳዳውን ሞላ፤ በጣም ሳስተኛው ግን ፕላስቲኩ በትልልቆቹ ቀዳዳዎች ላይ ወደ ውስጥ እየሰመጠ ፔስቱን ይዛቃል። በስተመጨረሻ ዩኤስቢ ሲው ላይ በሁለት እግሮች መካከል ድልድይ ተፈጠረ፤ በፍላክስና በመዳብ ጥልፍ ተነሣ። የቀረው ሁሉ ንጹሕ ነው፤ ቦርዱ ባትሪውን እየሞላ ነው።

አንድ የቀረኝ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያው ቺፕ ነው። ከሆዱ ሥር ትልቅ ፓድ አለው፤ ፔስቱ በዝቶ ቺፑ ተንሳፍፎ ወደ ጎን ዘመመ። እግሮቹን በእጅ አስተካክዬ በየድኩት።

ሰብለ

የሆዱን ፓድ በአንድ ትልቅ ቀዳዳ አትክፈተው። በአራት ወይም በዘጠኝ ትናንሽ መስኮቶች ከፋፍለው፤ በድምሩ ከፓዱ ስፋት ከ50 እስከ 80 በመቶ ይሸፍኑ። እኔ ወደ 60 አካባቢ እይዛለሁ። በመስኮቶቹ መካከል ለሙቀት ማሳለፊያዎቹ ቀዳዳዎች ቦታ ተውላቸው፤ አለበለዚያ ፔስቱን ወደ ታች ይመጡታል። ካርዱ ሲሄድ ፕላስቲኩ እንዳይሰምጥም ይረዳሃል፤ ከሥሩ የሚደግፈው ግድግዳ አለና።

ጣና ዳር

ነገ ማታ እንደዚያ እቆርጠዋለሁ። የተረፈውን ፔስት ግን ምን ላድርገው? ስቴንስሉ ላይ የቀረውን ወደ ማሰሮው ልመልሰው?

አባ ብየዳ

አትመልሰው፤ አየር የነካው ደህናውን ያበላሻል። በትንሽ ማሰሮ ለብቻው ያዘውና ለማይረባ ሥራ ተጠቀምበት። ስቴንስሉን ሳይደርቅ በአልኮልና በለስላሳ ጨርቅ ጥረገው፤ ከሁለቱም ጎን፣ ቀዳዳዎቹን ሳትጎትት። ያልተነካውን ፔስት በደንብ ከድነህ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጥ፤ በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን አይደለም። ስታወጣው ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመጣ ጥቂት ሰዓት ሳትከፍተው ቆይ፤ ቀዝቃዛውን ማሰሮ ከከፈትከው ጤዛ ይይዘውና ሲሞቅ እየፈነዳ እንክብል ይበትናል። ከምግብ ጋር ግን አንድ ማቀዝቀዣ ውስጥ አይግባ።

ዝምተኛው

ጣና ዳር፣ የኪካዱን ፋይል ለጥፍልን። በራጅ ፊልሙ ልሞክረው ነው፤ ዩኤስቢ ሲውን በእጅ እበይደዋለሁ።